የጠቁም ቤቷ እትዬ ደብሬ

መሞታቸውን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ክረምት ነበር። ከዳንግላ ተሳፍሬ ወደ ቆሰበር ስሄድ፣ ከከተማው ትንሽ ቀደም ብሎ ጉም መንገዱ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ሹፌሩ መብራቱን አበራና እንደ እግረኛ ማዝገም ጀመረ። ባሕር ዛፎቹ አንድ አንድ እያሉ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ያች የጠቁም ቤቷ ሴትዮ አረፈች አሉ።»

«የትኛዋ?»

«ደብሬ ናታ! በሁዳዴ ቅቤ ያበላችን።»

«ውይ፣ እሷ? ነፍስ ይማር። ሆን ብላ ነው ይባላል እኮ። ጴንጤ አልነበረች?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው የሚለውን ነው።»

አልዞርሁም። ጉሙን እያየሁ ቀረሁ። ሰው የሚለው ትክክል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ እውነቱን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ዝም ማለት ግን የቆየ ልማዴ ነው። መጽሐፍ መሃል የሚኖር ሰው ዝምታውን ጨዋነት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሴቶቹ ስለ ማዳበሪያ ማውራት ጀመሩ። እኔ የተሳፈርሁበት ጉዳይ ምን እንደነበረ እንኳ ረስቼ፣ መናኸሪያው ስንደርስ እግሬ በራሱ ወደ ለቅሶው ቤት ዞረ።

እትዬ ደብሬን ሳስብ ከሁሉ በፊት እንፋሎት ይታየኛል። ቆሰበር ጠዋት ጠዋት ራሱ ጉም ነው። የእሳቸው ቤት በር ሲከፈት ደግሞ የድንቹ እንፋሎት ወጥቶ ከጉሙ ጋር ይቀላቀልና የቱ የሰማይ፣ የቱ የድስት እንደሆነ አይለይም ነበር። ከዚያ ውስጥ መጀመሪያ እጃቸው፣ ቀጥሎ የነጠላቸው ጥለት፣ መጨረሻ ላይ ፊታቸው ይወጣል። አጭር ሴት ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው ከጭስ ብዛት ሁልጊዜ እንባ ያቀርራል፤ ለማያውቃቸው ሰው ግማሽ ፊታቸው የሚያለቅስ፣ ግማሹ የሚስቅ ይመስላል። ወጥ የሚቀምሱት ከእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ነው። ቀምሰው ዝም ካሉ ጥሩ ነው። «እህ» ካሉ ድስቱ ይወርዳል።

ቤቱን እንዴት እንደጀመሩት ደጋግመው ነግረውኛል። በነገሩኝ ቁጥር አንዳንድ ነገር ይለወጣል፤ አንዴ ዝናብ ነበር ይላሉ፣ አንዴ ፀሐይ። የማይለወጠው አንዲት ነፍሰ ጡር መንገደኛ መሆኗ ነው። ያኔ እትዬ ደብሬ መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በሳፋ ይዘው ይሸጣሉ። ሴትዮዋ ከሚኒባስ ወርዳ ፊት ለፊት ካለው ሆቴል ገብታ ሽሮ አዘዘች። ሽሮው ቆይቶ ቆይቶ፣ እየተንተከተከ መጣ። ልክ ሲቀመጥላት ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለት ጉርሻ ሞከረች፣ አፏ ተቃጠለ፣ እያለቀሰች ወጥታ ሮጠች። እትዬ ደብሬ በመስኮት ሁለት ድንች አቀበሏት።

«የቸኮለ ሰው ምን አጠፋ?» ይሉ ነበር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ። «የሚቸኩለው ጨንቆት ነው። የጨነቀውን ሰው በጋለ ሽሮ መቅጣት ምን የሚሉት ነው?»

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ዛሬ ሲታይ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን በአካባቢያችን ያደረገው ሰው አልነበረም። ግድግዳውም አግዳሚውም ቀርከሃ የሆነ አንድ ክፍል ተከራዩ። መሃሉ ላይ ረጅም ጣውላ አጋድመው ድስቶቹን በተርታ ደረደሩበት፤ ድንች፣ የገብስ ቂጣ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ አይብ፣ አዋዜ። የገባ ሰው ጎድጓዳ ሳህን ያነሣል፤ በጣውላው ዳር ዳር እየሄደ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፤ ከወዲያ በኩል ያለችው ሴት እያየች ትጨምርለታለች፤ ጣውላው ሲያልቅ ምግቡ በእጁ ነው። አስተናጋጅ መጥራት የለ፣ መጠበቅ የለ። ረዳቶቹ ከሚኒባስ ሳይወርዱ «ጠቁም! ጠቁም! አሥር ደቂቃ ነው!» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። ስሙም በዚያው ጠቁም ቤት ሆኖ ቀረ።

ከመንገደኛው ይልቅ ግን እትዬ ደብሬን የሚያስደስታቸው የገጠሩ ሰው ነበር። አዊኛ ተናጋሪ ገበሬ ከተማ ሲመጣ፣ አማርኛዬ ይሳሳትብኛል ብሎ፣ ሆቴል ውስጥ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። እዚህ ቤት ጣቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ደግሞ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጉለታል፣ ይስቃል፣ ጎመን ያስደግማል። ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው አንድም ቀን አልተረጎሙልኝም። «የጠየቅሁት ስለ ፈረሱ ነው» ብቻ ይላሉ።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በማታ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። ቀን ሳህን እያጠብሁ፣ ከማጠቢያው በላይ ባለው ቀርከሃ መሃል መጽሐፍ ሰክቼ አነብብ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ደብሬ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምን ይላል?»

«ጉም ከየት እንደሚመጣ ነው፣ እትዬ።»

«ከየት ይመጣል?»

ነገርኋቸው፤ ውኃው እንደሚሞቅ፣ እንደሚተን፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚንጠለጠል። ጥቂት አሰቡ። «እኛ ቤት ነው ለካ የሚሠራው» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ከማጠቢያው አንስተው ጣውላው ኋላ አቆሙኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀሪው አይገባም። እትዬ ደብሬ ጸሎት ቤት የሚሄዱ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ከተማው በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። «የጴንጤ ቤት የጾም ወጥ ምን ይታመናል?» የሚል ወሬ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ነበር። እሳቸው በቃል አልመለሱም። ጣውላውን ለሁለት ከፈሉት፤ በግራ የጾም፣ በቀኝ የፍስክ። የጾሙ ጭልፋ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ ታሰረ፣ የፍስኩ ላይ ቀይ። የፍስክ ጭልፋ የጾም ድስት ከነካ ድስቱ ሙሉ በሙሉ ይደፋል፤ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ጓዳውንም ለጾመኛ እናቶች ክፍት አደረጉት።

«ይግቡ እማማ። ክዳኑን ራስዎ ይክፈቱት።»

እናቶቹም ይገባሉ፣ ይከፍታሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዳንዷ ጨው ሲያንስ ትናገራለች።

«እርስዎ አይጾሙ» አልኋቸው አንድ ቀን፤ «እንዲህ የሚጨነቁት ለምንድን ነው?»

«የራሴን ልጅ አዝዬ ብሰናከል እኔና ልጄ እንወድቃለን፣ እንነሣለን» አሉ። «የጎረቤት ልጅ ሳዝል ግን ድንጋዩን ሁሉ እያየሁ ነው የምሄድ።»

በሦስተኛው ዓመት ጥሊሊ ላይ ሁለተኛ ቤት ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ዳንግላ ላይ ሦስተኛው። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ መቆም አይችልም። ጥሊሊ ላይ የበላ መንገደኛ ቆሰበር ሲበላ «ይኸ ሌላ ነው» ይላል፤ እትዬ ደብሬ ደግሞ ይህን ቃል ከስድብ በላይ ይፈሩታል። ከመጠቆም እስከ መቀመጥ ያለውን ጊዜ እንኳ እሳቸው የሚለኩት በመዝሙር ነበር። እያዜሙ ይጨልፋሉ፤ አንዱ መዝሙር ሳያልቅ ሰውየው መቀመጥ አለበት። የጥሊሊዎቹ ሴቶች መዝሙሩን አያውቁትም።

«እትዬ፣ የሠርግ ዘፈን ይቻላል?» አለች አንዷ።

«ሙሽራው እስኪገባ ካላቆየሽን ይቻላል።»

እኔ ግን በዘፈን የሚለካ ነገር አልወድም። ትምህርት ዘግይቶ ሲመጣ ሰውን እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ ነገር ሁሉ ተጽፎ፣ ተለክቶ፣ መስመር ይዞ ካላየሁት አላምነውም። «ሁሉንም ደብተር ላይ ልጻፈው» አልኋቸው።

«እጄን እንዴት አድርገሽ ትጽፊዋለሽ?» ብለው ሳቁ፤ እጃቸው ርጥብ ስለነበረ አፋቸውን በክርናቸው ሸፈኑ።

ከአንድ ነጋዴ ሚዛን ተውሼ መጣሁ። ጨው በጣታቸው እያነሡ ወረቀት ላይ እንዲያደርጉ አሥራ አንድ ጊዜ አስቆነጠርኋቸው። አሥሩ ቁንጥር አንድ ዓይነት መዘነ። አሥራ አንደኛው ከበደ።

«ይኸ ምን ሆነ?» አልኋቸው።

«በአንች ተናድጄ ነዋ!»

ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ በንዴት ጨው አይጨመርም። ሲያነቡት፣ እሳቸው በጣታቸው ፊደል ፊደሉን እየተከተሉ ነው የሚያነቡት፣ እንባ የሚያቀርረው ዓይናቸው በእውነት አለቀሰ ከሳቅ ብዛት።

በዚያ ደብተር ኮርቼ ነበር። ሦስት ቅጂ በእጄ ጻፍሁ፤ አንዱ ቆሰበር፣ አንዱ ጥሊሊ፣ አንዱ ዳንግላ። የድንቹ መጠን፣ የሽሮው ውኃ፣ ነጩ ጭልፋ የት እንደሚሰቀል፣ ሁሉም አለበት። ሦስቱም ቤት አንድ ዓይነት እንዲሆን የዘይቱንም የቅቤውንም ጣሳ አንድ ዓይነት ገዛሁ። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ለጠፍሁባቸው። እንፋሎቱ በሁለት ቀን ላጠው። እንደገና ለጠፍሁ፣ እንደገና ተላጠ። ያኔ ብልኅ የሆንሁ መሰለኝ። ቆሰበር ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ጣሳዎች አዘነበልኋቸው። አንደኛው ፈሰሰ፤ ሌላው ነጭ ድንጋይ ሆኖ ቀጥ አለ። ጻፍሁ፦ የሚፈስሰው ዘይት ነው፤ የረጋው ቅቤ ነው። ወረቀት ይላጣል፣ ይኸ ግን አይላጥም ብዬ አሰብሁ።

የዳንግላው ቤት ወጥ ሠሪ ስመኝ ትባላለች፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ሥራ የምትችል ሴት። ደብተሩን ስሰጣት ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«ይኸ ሁሉ ለምን? አፍንጫ አለኝ እኮ።»

«አፍንጫሽ ጥሊሊ አይሄድም» አልኋት። «ደብተሩ ግን ሦስቱም ቤት አለ። ከተጠራጠርሽ ደብተሩን እመኝ።»

ይህን ያልሁበትን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። አስተማሪዎቼ የሚናገሩበት ድምፅ ነበር።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። የሁዳዴ ዓርብ። መጋቢት ነበር፤ ዳንግላ እንደ ምድጃ አፍ የሚግልበት ወር። እትዬ ደብሬና እኔ ከቆሰበር ወርደን ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድን። ጉዳዩ ትልቅ ነበር። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ባለሀብት እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል፤ ያየውን ከወደደው ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጠቁም ቤት አብረው ሊከፍቱ ተነጋግረዋል። እትዬ ደብሬ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ጋሪው ላይ ሆነው የፈረሱን ጆሮ እያዩ ለብቻቸው ፈገግ ይሉ ነበር። «ሐይቁ ዳር ነው አሉ፣ አንደኛው ቤት» አሉኝ። «ጉም አለ ይሆን እዚያ?»

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጾመኛው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሰ ሆዱን ይዞ፣ በጣውላው በግራ በኩል እስከ በር ተሰልፏል። ባለሀብቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሕዝብ በዓይኑ እየዳሰሰ ይስቃል። እትዬ ደብሬ እጃቸውን ታጠቡ፤ እንደ ልማዳቸው ወደ ድስቶቹ ሄዱ፤ ሽሮውን ከእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ዝም አሉ። ደግ ነው አልሁ በልቤ። ዝምታው ረዘመ። ሁለተኛ ጠብ አደረጉ። ከዚያ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«እስቲ አሽትችው።»

አሸተትሁ። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከላይ አለ። ከሥሩ ግን ለስለስ ያለ፣ የታወቀ፣ የበዓል ሽታ ነበር።

«ስመኝ፣ በምን ነው የሠራሽው?»

«በዘይት እትዬ። ከሚፈስሰው።»

«አልሸተተሽም?»

«ሸቶኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁ። ደብተሩ ግን...» አለችና ወደ እኔ አየች።

ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ዳንግላ ላይ መደርደሪያው ከምድጃው በላይ ነው። ጣሳዎቹን ዳሰስኋቸው፤ ሁለቱም ሞቀዋል። አዘነበልኋቸው፤ ሁለቱም ፈሰሱ። ቆሰበር ላይ ድንጋይ የሆነው ቅቤ ዳንግላ ላይ ዘይት መስሎ ይፈስሳል። ደብተሩ ብብቴ ውስጥ ነበር፤ በክንዴ አጥብቄ ያዝሁት።

ባለሀብቱ ነገሩ ገብቶት ተነሥቶ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፋት በሌለበት ቃል ነው የተናገረው።

«እትዬ ደብሬ፣ ማን ያውቃል? ሳያውቅ የበላ አይቆጠርበትም። ድስቱን ያስቀይሩና ይቀጥሉ። እርስዎ ደግሞ... እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጴንጤ ነዎት። ቢናገሩ ስሕተት ነው ብሎ ማን ያምንዎታል? ይህ ቤት ነገ ባዶውን ነው የሚቀር።»

እትዬ ደብሬ ነጭ ጨርቅ የታሰረበትን ጭልፋ ይዘው ትንሽ ቆሙ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመልሼ ገብቻለሁ። ድስቱ ይፈላል፣ ሰው ይንሾካሾካል፣ ከውጭ የጋሪ ደወል ይሰማል፤ እሳቸው ግን ሩቅ ቦታ ሆነው የሆነ ነገር የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ጾሙ የእኔ ቢሆን ይቅር እለው ነበር» አሉ። «የእነሱ ነው። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

አግዳሚው ላይ ወጡ። አጭር ስለነበሩ ወጥተውም ያን ያህል ከፍ አላሉም።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ሽሮው ቅቤ ነክቶታል። በስሕተት ነው። ያልበላችሁ አትብሉ። የበላችሁ... መመለስ አልችልም። ስሕተቱ የዚህ ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሳህን ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። እማማ ውዴ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ቤታቸው ከጠቁም ቤቱ ጀርባ ነው፤ በየቀኑ ጓዳ ገብተው ክዳን የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ቅዳሴ ቆይተው በቀጥታ ከሰልፉ ገብተዋል። አፋቸው ውስጥ የነበረውን በመዳፋቸው አወጡና ጣውላው ላይ፣ እትዬ ደብሬ ፊት አስቀመጡት።

«ማነው የሠራው?» አለ አንድ ጋሪ ነጂ ከበሩ። «ስሟን ንገሪን እንጂ!»

እትዬ ደብሬ ወደ ስመኝ አላዩም። ወደ እኔም አላዩም።

«ነገርኋችሁ እኮ፣ ወንድሜ። እኔ ነኝ።»

ቤቱ ባዶ እስኪሆን ብዙ አልቆየም። ባለሀብቱ ኮፍያውን ይዞ ተሰናበተ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አዲስ ቅዳምን ካለፍን በኋላ ነው አፌ የተከፈተ።

«እትዬ፣ ያን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ እኮ። ቆሰበር ቁጭ ብዬ አነበብሁትና እውነት መሰለኝ።» ቀጥለው፣ «ቆሰበር ላይማ እውነት ነው» አሉ።

«ተመልሼ ልንገራቸው?» አልሁ። አይ፣ ተይው እንዲሉኝ ነበር የጠየቅሁት።

ወደ እኔ ዞሩ። የሚያለቅሰው ዓይናቸው በእኔ በኩል ነበር።

«እሱን አንች ታውቂያለሽ» አሉኝ።

አላወቅሁም። ወይም አውቄ አላደረግሁም። አንድ ቀን አለፈ፣ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ በኋላ መናገር የዘገየ ነገር ሆነ። በዚያ መሃል ወሬው እግር አወጣ። ሆን ብላ ነው ተባለ። ጾማችንን ልትሽር ነው ተባለ። የጋሪ ነጂዎቹ ቤቱን «ቅቤ ቤት» ብለው ጠሩት። እትዬ ደብሬ ቅቤን ከሦስቱም ቤት አስወጡ፤ ለበዓል እንኳ ተመልሶ አልገባም። ጎጃም ውስጥ ቅቤ የሌለበት ቤት ከፍቶ እንግዳ መጥራት ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ዳንግላ ላይ ድስቶቹን እንደ ወትሮው ሙሉ አድርገው ያሠሩ ነበር። ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ስመኝ ለለማኝና ለእስረኛ ትወስደዋለች። እንዲህ ሆኖ ሁዳዴ አለቀ፣ ሰኔ መጣ።

እኔ የደብተሩን ያን ገጽ ልቀድ ስል እጄን ያዙኝ። «ተይው። ከሥሩ ጻፊበት።» ጻፍሁ፦ ይህ ዳንግላ ላይ ስሕተት ነው። ሲያነቡት ፊደል ፊደሉን በጣታቸው ተከትለው፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ደብተር ሆነ» አሉ።

ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። መንገደኛ ወሬ አይሰማም፤ እሱ ቀደመ። ከዚያ የገጠሩ ሰው፣ ከዚያ ከተሜው። ዛሬ ጠቁም ቤት አምስት ነው፤ አዲስ ቅዳም አለ፣ ቻግኒ አለ። የዳንግላውን የምትመራው ስመኝ ናት። ባሕር ዳር ግን አልሆነም፤ ባለሀብቱ ሌላ ሰው አገኘ። እትዬ ደብሬ ስለ ሐይቁ ዳር ቤት እንደገና ሲያነሡ አልሰማሁም። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ዳንግላ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆንሁ። ወደ ሥራ ስሄድ በጠቁም ቤቱ በር ማለፍ ሲገባኝ በጀርባ መንገድ እዞራለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ዞርሁ። ሰው ተመለሰ እንጂ ወሬው አልጠፋም። ሽሮውን እየበሉ ያወሩታል።

የለቅሶው ድንኳን ከቤታቸው ፊት ተተክሏል። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠው በዝግታ ይዘምራሉ። ጉሙ ከሸራው በታች ገብቶ ከሰው እግር ጋር ተጋድሟል። ስመኝ ዓይኗ አብጧል፤ አቅፋ ሳመችኝ፣ ከዳንግላ ሰዎች ጋር ተሳፍራ ከእኔ ቀድማ እንደደረሰች ነገረችኝ። በሌላው ወገን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የዳንግላ ሴቶች ተደርድረዋል። መሃላቸው እማማ ውዴ ነበሩ፤ አርጅተው፣ ኮስምነው። ጎናቸው ባዶ ቦታ ነበርና ሌላ ስለሌለ እዚያ ተቀመጥሁ።

ወደ እኔ ሳያዩ፣ «አንች እዚያ ቤት ትሠሪ አልነበር?» አሉኝ።

«እሠራ ነበር፣ እማማ።»

«ሆን ብላ ነው ብዬ መጀመሪያ ያወራሁ እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበራ። ስድሳ ዓመት የጠበቅሁት ጾም። ተቃጠልሁና እንዲያ አልሁ። በማግስቱ ነፍሴ እንዳልሆነ አወቀችው። ሆን ብላ ያበላች ሴት አግዳሚ ላይ ወጥታ ትናገራለች? እስከ ዛሬ ግን አላስተባበልሁም። ሰው ያወራውን ሰው እንዴት አድርጎ ይመልሰዋል?»

ዝማሬው ከፍ አለ፣ መልሶ ዝቅ አለ። ከፊት ለፊታችን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የነበሩትንና ስወርድ በጨረፍታ ያየኋቸውን ሁለት ሴቶች የመሰሉ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ምናልባት ራሳቸው ናቸው፣ ምናልባት አይደሉም። ጉም ውስጥ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል።

«እማማ፣ ያን ቀን ስሕተቱ የእኔ ነበር» አልሁ። «ቅቤውን ዘይት ያስባለው እኔ የጻፍሁት ነው። እሳቸው ሸፈኑልኝ። እኔም ዝም አልሁ።»

አሁን ዞረው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። የምርቃትም የእርግማንም ፊት አልነበረም፤ ዕቃውን የሚመዝን ሰው ፊት ነበር።

«እንግዲያ ሁለት ነን» አሉ።

«ሁለት ነን፣ እማማ።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ። «በይ ተነሽ። ከዳንግላ የመጣው ሰው ሁሉ እዚህ አለ፤ ነገ አይሰበሰብልሽም።»

ተነሣሁ። ዝማሬው እስኪያልቅ ሁለታችን ቆመን ጠበቅን። ሰው አንድ በአንድ ወደ እኛ መዞር ጀመረ፤ ስመኝ ከወዲያ በኩል አፏን በእጇ ያዘች። የመጨረሻው ድምፅ ሲያርፍ እማማ ውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ቀደምኋቸው።